ስምንት መቶ ዓይን ያላየው ወተት

«ክፈችው እንጂ! ክዳን ነው እንዴ የምትሸጪው?» አለች ሰሚያ፣ ስልኳን ወደ ወተቱ ባሊ ደቅና።

ውባንቺ ባሊውን እቅፍ አድርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ክዳኑ አልበቃ ብሏት ነጠላዋንም ደርባበታለች። «በስመ አብ! የላሜን ወተት ገላልጬ ለስንቱ ዓይን? ስንት ሰው ነው እዚያ ውስጥ ያለው?»

«የሱቄ ደንበኞች ናቸው። ቴሌግራም ላይ አራት መቶ ቢሆኑ ነው።»

«ስምንት መቶ ዓይን! እቴ፣ ላሜን ልትገድያት ነው?»

ሰሚያን ሳቅ አፈናት። ወረታ ላይ ቴምርና የሾርባ እህል ስትነግድ ስንቱን አይታለች፤ ዕቃዬን ደብቄ ካልሸጥሁ የሚል ሰው ግን ዛሬ ገና ገጠማት።

ውባንቺ ለሳቅ አልመጣችም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተቷን ይወስድ የነበረው ቁርስ ቤት «እስከ ፋሲካ አትምጪ» ብሏታል። ቅቤ ታውጣው እንዳይባል፣ ቅቤ ገዢ የሚያገኘው ለፋሲካ ነው፤ ላም ደግሞ እስከ ፋሲካ ልጹም አትልም። የላሟ መኖ ፉርሽካውም አልቋል። ባሏ ማረው ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ «ወተቱ ዛሬም ተመልሶ ከመጣ ወለላን ቅዳሜ ገበያ አወጣታለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ጥጃ ሳለች እናቷ ስትሞትባት በጣታቸው ወተት እያጠቡ ያሳደጓትን ወለላን! ምን ዓይነት አንጀት ቢኖረው ነው?

በዚህ ጭንቀት በርበሬ ልትገዛ ጎራ ብትል ነው ሰሚያ የያዘቻት። «የእናንተ ጾም ሲገባ የእኛም ረመዳን ገብቷል። እኛ ደግሞ ስናፈጥር ወተት ነው የሚያምረን። በይ ሂጂና ይዘሽው ነይ» አለቻት።

አሁን ሰሚያ ተሸነፈችና ባሊውን እንደተሸፈነ ፎቶ አነሳችው። «ፎቶው ካልተናገረ አንቺ ተናገሪ። ይህን ተጭነሽ ያዢና ስለ ወተትሽ ንገሪያቸው። አደራ፣ አጠር አድርጊው!»

ውባንቺ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ ጮኸች። «እንደምን ዋላችሁ! ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ ውባንቺ ነኝ፣ ከሜዳው፣ የማረው ሚስት። ይኸ የወለላ ወተት ነው፤ ቀትር ላይ ነው ያለብኋት። ውሃ ጠብ አላልሁበትም፤ ብዬበት እንደሆን ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ። አሁን የሩዝ ጭድ ስለምትበላ ወተቷ እንደ ክረምቱ አይወፍርም፣ አልዋሻችሁም። ስለሸፈንሁት አትቀየሙኝ፣ ዓይን ፈርቼ ነው። ጾማችሁን ይቀበልላችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ...» ጣቷ ደከመና ለቀቀችው። ድምፁም እንደዚያው ሄደ።

«ውባንቺ! ዋጋውስ?»

«ውይ፣ ሞቼ ልገኝ! ግን ሰላም ሳይባል ዋጋ ይጠራል?»

«ሰላምታውንማ እስከ አንበሳሜ ከተማ አዳረስሽው! ዋጋውን ሲመጡ ትነግሪያቸዋለሽ» አለችና ሰሚያ የሱቋን አድራሻ ራሷ ጻፈችበት።

ጠበቁ። ፀሐይ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። ሰዉ ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ይዞ ወደየቤቱ እየተጣደፈ፣ በሱቁ ደጃፍ ሽው ይላል። ባሊው ግን እንደተከደነ ነው።

ስልኩ ጢን አለ። ውባንቺ ማንበብ ስለማትችል የሰሚያን ፊት አየች። «ምን አሉ?»

«ይስቃሉ» አለች ሰሚያ እየከበዳት። «አንዷ ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ብላ ጽፋለች።»

ውባንቺ አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ታያት። ወለላ በገመድ ስትጎተት፣ ዞር ብላ ስታያት።

ያኔ ነው ከስልኩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ የተሰማው። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ መሐመድሰዒድ ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም። እናንት የምትስቁ ልጆች፣ እናቴም ወተት እንዲሁ ነበር የምትሸፍነው፣ አላህ ይዘንላት። ለላሟ እንዲህ የምትሳሳ ሴት ወተቷን ውሃ አታጠጣውም። ሁለት ሊትር አኑሩልኝ፤ ዋጋውን ስመጣ ትነግረኛለች።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ማሰሮ የያዘች መጣች፣ ፔርሙስ የያዘ መጣ። ያችው ተረት የጻፈችው ሴትም ጆግ አንጠልጥላ፣ ዓይኗን እየሰበረች ደረሰች። ውባንቺም ነጠላውን ትንሽ ገለጥ፣ ቀዳ፣ ቶሎ ክድን ታደርጋለች። አዛን ሳይባል ባሊው ደረቀ። አምስት ቤት ደግሞ በየቀኑ አምጪልን ብሏታል። ጆግ የያዘችውማ «ከዒድ በኋላም እንዳታቋርጪብን፣ ልጆች አሉኝ» ብላ ቃል አስገባቻት።

ውባንቺ ተንደርድራ የሰሚያን ጉልበት ልትስም ስትል፣ ሰሚያ አፈፍ አድርጋ አነሳቻት። «ኧረ ተይ በአላህ! ምን አደረግሁልሽ?»

«ላሜን ሰጠሽኝ። የኔ እናት፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ? እግዜር ክፉ አያሳይሽ!»

አዛን ተባለ። ሰሚያ ቴምር ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ይኸ ለእናንተም የጾም ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስሽ ፊትሽ ይናገራል።» ጎን ለጎን ዱካ ላይ ተቀምጠው ጾማቸውን አብረው ፈቱ።

የቴምሩን ፍሬ ከአፏ ሳታወጣ ውባንቺ ባሏ ጋ አስደወለች። «ማረው፣ ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው ብቻህን ነው። ስትመለስ ለወለላ ፉርሽካ ትይዝላታለህ።»

ውባንቺ ስልኩን አገላብጣ አየችውና መልሳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ማረው? አትሰማኝም?»

ዐሥራ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር አንድም ቀን ሲያለቅስ ያላየችው ሰውዬ ሲንሰቀሰቅ ሰማችው። ውባንቺም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ እንባው እስኪወጣለት ጠበቀችው።