የእንጨቱ መስመጥ

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ጉሮሮውን ጠረገና በቪዲዮ ለደወለችለት ልጁ አወጀ፦ «እንጨቱ በይፋ ሰምጧል።»

ለጌጥ ብሎ ዓሣ ገንዳው ውስጥ የከተተው ደረቅ እንጨት ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተንሳፈፈ አስቸግሮት ነበር። ዛሬ በናይለን ክር ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር ጠፍሮ አሰረው።

«እሰይ አባዬ! እንግዲያ ቅዳሜ ላስርልህ መምጣቴ ቀረ። ሥራም ተደራርቦብኛል።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! እኔስ መች ፋታ አለኝ?» አለ። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ዓሣዎች በቀር የሚጠብቀው ነፍስ አልነበረም።

ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ገንዳው ዞረ፤ ጀርባውን ሰጥቷት እጁን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ከተተ። ዓሣዎቹ ወደ ጥግ ሸሹ። እንጨቱ ቀስ ብሎ ሽቅብ ወጣ።

«ወይ ጉድ! ክሩ ተበጠሰ እኮ!» አለ፣ እንደተገረመ ሰው ሁለት እጁን ወደ ስልኩ ዘርግቶ።

በቀኝ እጁ የያዘው መቀስ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።