አርባ ጥንድ ነጠላ ጫማ

ነገሩ የነጠላ ጫማ ነገር ነው፤ አትሳቁ። በኢንዶኔዥያዋ ሶሎ ከተማ፣ ከባቲክ ጨርቅ ማቅለሚያው ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ፣ ነጠላ ጫማ ስንቱን ጎረቤት ሊያጣላ ነበር።

ቡ ቱሚናህ የምትባል ሴት ነበረች፤ እኛ እትዬ የምንለውን እነሱ ቡ ይላሉ፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ልጇ ራትሪ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ቱሚናህ ሐኪሙ የነገራትን በቃሏ ይዛ ሰፈሩን ታስተምራለች።

«ልጄ የሰው ዓይን አታይም፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ! ውሸት የሚባል አታውቅም። የጠየቃችኋትን ብቻ ነው የምትመልሰው፤ እንግዲህ አጠያየቃችሁን አሳምሩ!»

ሌላውን መምከርማ ምን ያቅታል? እኛ እናቶች አፋችን መቼ ሰነፈ።

ዓርብ ዓርብ፣ ከሰዓት ከዓስር ሶላት በኋላ፣ የሰፈሩ ሴቶች በትንሿ መስጊድ ተሰብስበው ቁርአን ይቀራሉ። ደረጃው ላይ አርባ ጥንድ ነጠላ ጫማ ይወልቃል፤ ሁሉም ከአንድ ሱቅ፣ ሁሉም ነጭ፣ ማሰሪያው ሰማያዊ። ራትሪ ጫጫታ ስለማትወድ አትገባም። ደጅ ተቀምጣ ጫማዎቹን ከቀኝ ጀምራ ከትንሽ እስከ ትልቅ ትደረድራለች። ሴቶቹ ሲገቡ በስሟ ይጠሯታል። ሳምንቱን ሙሉ «ዓርብ ስንት ቀን ቀረው?» እያለች የምትጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም።

ቱሚናህ ጫማዋን ምንጊዜም የምታወልቀው ከደረጃው በስተቀኝ፣ ጥጉ ላይ ነው። «ሰው ቦታ ቦታውን ይወቅ» ትላለች። ሴቶቹ ግር ብለው ሲወጡ ራትሪ ስለምትረበሽ፣ እናት ቀድማ ብድግ ትላለች፤ ከጥጉ ጫማዋን ሰካ አድርጋ፣ ልጇን ክንዷን ይዛ ውልቅ ነው።

አንድ ዓርብ ራትሪ ድርድሩን ከግራ መጀመር አመጣች፤ ወደ ቤት ስትባልም አልሄድም አለች። «ልክ አይደለም! ልክ አይደለም!» እያለች ጮኸች።

«ደርድረሽ ጨርሰሻል እኮ የኔ ወለላ፤ ለሳምንት ደግሞ ትደረድሪያለሽ» ብላ እናቷ እያባበለች ጎተተቻት።

በዚያ ቀን ከሴቶቹ የአንዷ፣ የቡ ዋጊየም ጫማ ጠፋ፤ ደረጃው ላይ የተረፈው አንድ ያረጀ ጥንድ ብቻ ነበር። በሳምንቱ የዋጊየም ጫማ ደረጃው ላይ ተመልሶ ተገኘ፤ የቡ ካስሚ ደግሞ ጠፋ።

«ጅን ነው እንዳንል ጅን ጫማ አያደርግም» አለች ካስሚ። «የሚወስደውም የሚመልሰውም አንድ ሰው ነው። ጫማ ላይ ስትጫወት የምትውለው ማን ናት?»

ቱሚናህ አልጋ ሥር ፈተሸች፤ የሩዙን በርሜል ሳይቀር ገለበጠች። ምንም የለም። በማግስቱ መንገድ ላይ ልጇን ያዘቻት።

«ጫማውን የት ደበቅሽው?»

«አልደበቅኩም።»

«ማን ሰረቀው ታዲያ?»

«ማንም።»

«እሺ የት ነው ያለው?»

«እዚህ» አለች ራትሪ አቀርቅራ።

ቱሚናህ እንጨት አንስታ የመንገዱን ቦይ ከላይ እስከ ታች አመሰችው። ያገኘችው የሞተ አይጥ ነው። ደግሞ ሰሞኑን ጫማዋ ጣቷን እየላጠ አላስኬድ ብሏታል። «እርጅና ከእግር ይጀምራል ያሉት እውነት ነው» ብላ እያነከሰች ገባች።

የቁርአን ማኅበሩ አለቃ ቡ ሙርጂያህ ግዙፍ ሴት ናት፤ ቀልድ አታውቅም፤ ሁለቱን ዓርብ በሌላ ጉዳይ ቀርታ ነበር። በጋለ ሚስማር የጫማዋን ሁለት ተረከዝ ነጥብ ነጥብ አድርጋ አቃጠለችና፣ «እንግዲህ የኔ ከጠፋ፣ ልጅቷ ሁለተኛ እዚህ አትመጣም!» አለች።

በሦስተኛው ዓርብ ቱሚናህ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ወጣች። ጫማዋ ጧ ጧ እያለ፣ «ልክ አይደለም!» የምትለውን ልጇን እየጎተተች አጥሩ ጋ ስትደርስ፣ ሙርጂያህ በባዶ እግሯ ደረሰችባት። ሴቶቹም ከኋላ ተከተሉ።

«አንቺ ቱሚናህ! ቃሌ ቃል ነው። ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ ቤቷ ትዋል።»

«ዓርብ ሰባት ቀን ቀረው» አለች ራትሪ።

ያን ጊዜ ቱሚናህ ለሰፈሩ ያስተማረችው ሁሉ ከራሷ ላይ በነነ። የልጇን ትከሻ ጨምድዳ፣ «ዓይን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ!» አለች።

ራትሪ አቀረቀረች።

«አያችሁልኝ? አፍራለች! በእሷ ፋንታ እኔ ልለምናችሁ፤ አንድ ዓርብ ብቻ ጨምሩላት፤ ይቅር በሉን» ብላ እዬዬዋን አቀለጠችው።

ሙርጂያህ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ጫማዬ የት ነው ያለው?» አለቻት።

«እዚህ።»

ሴቱ ሁሉ ራትሪ ወደምታይበት አየ።

ቱሚናህም እንባዋን ጠርጋ አየች፤ ከትንንሽ ተረከዞቿ ኋላ፣ በቀኙም በግራውም ጫማ ላይ፣ አንድ አንድ የተቃጠለ ነጥብ ብቅ ብሏል።