አሥር የጸጥታ ደቂቃ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ አሥር ደቂቃ ረግቶ ላልተቀመጠ ሰው ጠዋት የቤቱ በር አይከፈትለትም። አስተማሪዋ ውብአንቺ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት አለባት። ምሳዋን ቋጥራ፣ ጫማዋን እንዳደረገች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች። ማንም አላንኳኳም። አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ «ጸጥታዋን ትጨርስ» አለች።

በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ የማያንኳኳ ሰው የሚያመጣው መርዶ ነው። ወንድሟ መኳንንት ደግሞ ትናንት የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ አፋር ወርዷል። ልቧ ድው ድው አለ። የልብ ምቷን የሚለካው የእጇ አምባር ቀላ፤ በሩ ላይ ያለው የደቂቃ ቁጥር ወደ ዜሮ ተመለሰ።

«ጋሼ ጥሩነህ!» ብላ ጮኸች። የእድሩ ዳኛ ከመርዶ ነጋሪዎች መካከል እንደማይጠፉ ታውቃለች። «መኳንንት ነው? ንገሩኝ!»

በሩን በጡጫዋ ደበደበችው። ቁጥሩ ከዜሮ አልነቃነቅ አለ።

ጋሼ ጥሩነህ ወደ በሩ ተጠጉ። በሰባ ዓመታቸው ሲዋሹ የሰማቸው የለም።

«ልጄ፣ መኳንንት ደህና ነው። ለእድሩ ጉዳይ ነው የመጣነው። በይ ተቀመጪ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»

እሳቸው ካሉ እውነት ነው። እንባዋን ጠርጋ፣ በራሷ ድንጋጤ እየሳቀች ተቀመጠች። ትንፋሿ ረጋ። አሥሩ ደቂቃ ሞላና አምባሩ አረንጓዴ በራ።

በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከፊት የቆሙት ጋሼ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «በሩን የሚከፍት ሌላ ነገር አጣሁ።»