ይቅርታ የከለከለችው

ልብስ ሰፊዋንና ዘማሪውን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነበር። እሷ በዚህ ወገን የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ እሱ በዚያ ወገን ከሚስቱና አልጋ ላይ ከዋለች እናቱ ጋር ይኖራል። እሑድ እሑድ ሁለቱም ከአንድ መዘምራን ጋር ይቆማሉ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

ዘማሪው በጉርምስናው «መዶሻ» ይባል ነበር። ስሙን ያተረፈው በቡጢው ነው። በአንድ ጠብ የሰው መንጋጋ ሰብሮ ሁለት ዓመት ታስሯል። ጌታን ካገኘ በኋላ ዳግመኛ በሰው ላይ እጁን እንደማያነሳ በጉባኤ ፊት ተሳለ። ስለት ነው እንግዲህ፤ መጠበቁን የሚያውቁት ተሳዩና ፈጣሪው ናቸው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌው ላይ ክር ስታስገባ፣ ከግድግዳው ወዲያ ድው ይላል። ዕቃ ይሰበራል። ሚስትየው ትጮኻለች። ቀጥሎ የዘማሪው ድምፅ ይመጣል፤ «ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝልኝ።» ከዚያ ጸጥ።

ጎረቤቱ ሁሉ ዘማሪው እየጸለየ ነው ይላል። የእሱ ጸሎት ድሮም ግድግዳ ያናውጣል ብለው ይቀልዳሉ። ልብስ ሰፊዋም ለጊዜው እንደነሱ አለች።

አንድ ቀን ሚስትየው ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። ቀኝ እጇ በሻሽ ተጠቅልሏል፤ የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ጠቁረዋል። ምን ሆነሽ ብትባል፣ የቁም ሳጥን በር ነው አለች፤ ልትስቅ ሞክራ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ሆነ። «አይ እቴ» አለች፤ «ሆድ ይፍጀው።»

በዚያው ሳምንት ለዘማሪው ነጭ የመድረክ ልብስ ታዘዘ። ልኩን ልትወስድ ብትጠራው፣ በድሮው ልክ ስፊው አላት፤ ብቻ እጅጌው እስከ መዳፉ፣ አንገትጌው እስከ አገጩ እንዲደርስ ፈለገ። እሷ ግን የሰው አካል በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ታውቃለችና ሜትሩን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ፊቱን ከስክሶ ወደ ኋላ ሸሸ። ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው አለች በልቧ።

በማግስቱ እናቱን ለመጠየቅ ብላ ወደ ቤታቸው ገባች። ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ እማማ፣ ልጅዎ ይማታል? ስትል ጠየቀቻት። አሮጊቷ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ሦስት ወልዳለች። እናት የልጇን ነውር በምን በምን እንደምትሸፍን አታጣውም።

ሳምንቱን ጾማ ጸለየች። ዝም ብትል ነገ የዚያችን ሴት ሬሳ ማንሳት ሊመጣ ነው። ይህን ካሰበች በኋላ እንቅልፍም እህልም እምቢ አላት።

መዘምራኑ አንድ ደንብ አላቸው። መድረክ ሳይወጡ ክብ ሠርተው ይቅርታ ይባባላሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ይቅርታ ከከለከለ፣ የተከለከለው ያን ቀን ማይክ አይጨብጥም። የከለከለ ግን ኖሮ አያውቅም። አንዱ እግርሽን ስለረገጥሁሽ ይላል፣ ሌላዋ ድምፅህን በመቅደሜ ትላለች፤ ሳቅ ብለው ያልፋሉ።

ያን እሑድ ዘማሪው በአዲሱ ነጭ ልብስ እጁን ዘርግቶ ልብስ ሰፊዋ ፊት ደረሰ።

«እህቴ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ።»

«አልልህም» አለች። «ይቅርታውን ሚስትህን ጠይቅ። በየጠዋቱ የምትደበድባትን።»

ክቡ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ የሙዚቃ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ክፍል አስገቡት። ቤትህ ውስጥ ዱላ አለ ወይ ሲሉት፣ አለ፣ አላቸው። የሚማታው ማነው ሲሉት ዝም አለ። ሚስትየው ተጠርታ መጣች፤ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አብሯት የመጣው ወንድሟ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የሽማግሌ ምክር እስኪያልቅ አልጠበቀም።

የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫውን ሰበረው። ሁለተኛው ሁለት ጥርሱን አራገፈ። ነጩ ልብስ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ በደም ራሰ። ሲወድቅ በጫማ ጎኑን ረገጠው፤ አጥንት ሲሰበር የተሰማው ከበሮዎቹ አጠገብ ለቆሙት ጭምር ነው። የድሮው መዶሻ ግን ሁለት እጆቹን ከጀርባው አቆላልፎ ያዘ። አንዱ ሽማግሌ ፊትህን እንኳ ሸፍን እንጂ ሰውዬ ሲል ለመነው። አልሸፈነም። ጥፋቱን ባያውቅ እንዲህ ይቀበል ነበር ወይ ተባለ።

ወንድምየውን ጎትተው ሲያስጥሉት ዘማሪው ደም ተፍቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«አገልግሎቱን ውሰዱት። ከቤቴ ግን አታስወጡኝ። እናቴ እዚያ ናት።»

ሚስትየው ያኔ ቀና አለች።

«ስለ እማማ አታስብ» አለች። «እኔ አለሁላት።»

ይህን ሲሰሙ ያላለቀሰ ሽማግሌ አልነበረም። ወንድምየው የቤቱን ቁልፍ ከዘማሪው ኪስ አውጥቶ ለእህቱ ሰጣት። ዘማሪውን ቁስሉን አሳጥበው ሩቅ ከተማ ወዳለ ዘመዱ በአውቶቡስ ሰደዱት፤ ወንድምየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤቱ ለሁለቱ ሴቶች ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሳትነካ ተንበርክካ አመሰገነች። አንዲት ነፍስ አትርፌያለሁ የሚል ደስታ ደረቷን ሞላው። ከዚያ ተቀምጣ ጨርቁን ዘረጋች።

ከግድግዳው ወዲያ ድው አለ፣ ሚስትየው እንደ ወትሮዋ ጮኸች፤ ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ተይ ልጄ፣ እኔ እንደ እሱ አልችለውም።»