የመነኩሴ ቆብ

ልጅቷን ማንም አልነገራትም፤ በገዛ ዓይኗ ነው ያየችው። አክስቷ አያቷን ገርበብ ካለው የጓሮ በር አጠገብ ግድግዳ ላይ አጣብቃ፣ አገጫቸውን ፈልቅቃ፣ ጓንት ያጠለቀ ጣቷን እስከ ጉሮሯቸው ስትሰድ በመስኮት አይታታለች።

«ክፈት አልኩህ! አባዬ፣ አፍህን ክፈት!»

ሽማግሌው ተንፈራገጡ። ከዚያ ወለሉ ላይ አስመለሱ። አክስቷ እያለከለከች ቀና ስትል ከልጅቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ይገትርሻል? ግቢ ወደ ክፍልሽ!»

ገባች። አልጋዋ ላይ ተኮራምታ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ማሰብ ጀመረች።

ድሮ ቢሆን ምንም አትጠረጥርም ነበር። ድሮ ክፍል ውስጥ «ጭጭ» ነበር የሚሏት፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት የሚያልባት ልጅ። የባዮሎጂ መምህሯ «በሰፈራችሁ ያለ አንድ ተክል አጥንታችሁ አቅርቡ» ሲላቸው ሩቅ አልሄደችም። አክስቷ በጓሮዋ አበባ እያለማች ለሱቆች ታስረክባለች። ከዚያ ውስጥ ረጅሟን ሰማያዊ መረጠች። እያንዳንዷ አበባ ቆብ የደፋች ትመስላለች፤ የመነኩሴ ቆብ ይሏታል።

«ውርጭ ቅጠሏን ያነደዋል እንጂ እሷን አይገድላትም» አለች ክፍሉ ፊት ቆማ። «ሥሯ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ሲሞቅ እንደገና ትበቅላለች። ሥሯን የበላ ሰው ግን እንደገና አይበቅልም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቀና «የበላው ሰው መጀመሪያ ምን ይሰማዋል?» አላት።

«ከንፈርና ጣቱ ይደነዝዛል። ከዚያ ያስመልሰዋል። ከዚያ ልቡ።»

ድምጿ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ሬዲዮ» ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ አያቷ ምሳ ላይ ማንኪያቸውን ጣል አድርገው አፋቸውን መደባበስ ጀመሩ።

«ከንፈሬን ምን ነካው? የሰው ከንፈር የተዋስኩ መሰለኝ እኮ!»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ አክስቷን አየቻት። የአክስቷ ፊት አመድ መስሏል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ እስር ቤት ሆነ። የጓሮው በር ተቆለፈ። የአያቷ ክፍል ተቆለፈ። የሁሉም ቁልፍ አክስቷ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ብቻ፤ ጓደኛ ማምጣት ቀረ። እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸውን በዚያ ጓሮ ጎመንና ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ ሲያበቅሉ የኖሩ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው አክስቷ መሬቱን ለአበባ ያደረገችው። አሁን መስኮታቸው እንኳ አይከፈትላቸውም።

አክስቷ ግን በየቀኑ ጓሮ ነች። ጓንቷን አጥልቃ፣ በብርድ ድንጋይ የሆነውን መደብ በዶማ እየፈለፈለች፣ የመነኩሴ ቆብ ሥር በጆንያ ትሞላለች።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው አክስቴ?»

«ለማንም። መርማሪ ፖሊስ ሆንሽብኝ እንዴ?»

«አባባስ ለምን ይቆለፍባቸዋል?»

አክስቷ ዶማዋን አቆመች። ቀና ብላ የአባቷን መስኮት አየች።

«ለራሱ ነው። ስታድጊ ይገባሻል።»

ገብቷታል። ይቺን «ስታድጊ» ለሌላ ትንገራት።

አንድ ቀን አያቷ በቁልፉ ቀዳዳ ጠሯት።

«ሚጢዬ፣ መጣሽ?»

«መጣሁ አባባ።»

«ይቺ ልጅ እንደ ሌባ ቆልፋብኛለች። ልትጨርሰኝ ነው። አውጪኝ እንጂ!»

«አወጣዎታለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ቆየት ብለው «ሚጢዬ፣ መጣሽ?» አሉ፣ እንደ አዲስ።

መርዙ ጭንቅላታቸው ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ይሄ። ጣቷን ጉሮሯቸው ውስጥ ከትታ! ለመምህሯ ሄዳ እስክትነግር፣ እሱም አምኗት እስኪመጣ፣ አያቷ ያልቅላቸዋል። የመምህሩ ቤት መታጠፊያው ላይ ነው፤ ደግፋ ብታወጣቸው ይደርሳሉ። ግን ቁልፉ ከዚያ አንገት አይወርድም። የሚወርደው አክስቷ ስትታጠብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አክስቷ ሳሙና ፊቷን ሞልቶት ዓይኗን ጨፍና ሳለ፣ ልጅቷ ከሁሉ በፊት ያደረገችው ቁልፉን ላፍ አድርጎ መሮጥ ነበር። የአያቷን ክፍል ከፈተች። የጓሮውን በር ከፈተች። ከጓሮው ወደ መንገድ የሚያወጣውን የብረት በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አባባ፣ ቶሎ ይውጡ! ነፃ ወጡ እኮ! መምህሬ ጋ እንሂድ!»

አያቷ እንደ ልጅ ፈገግ እያሉ ወጡ። የብረቱን በር ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ትናንት በዶማ የላላው መደብ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ፤ አፈሩን በባዶ እጃቸው ጫር ጫር አድርገው አንድ ወፍራም ሥር መዘዙ፤ በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ገመጡት።

«ተባረኪ ሚጢዬ» አሉ እያኘኩ። «ያቺ ልጅ እኮ የገዛ ካሮቴን ነው የቆለፈችብኝ።»