አንድ ፌስታል ብርቱካን

አስካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገባች። የቀዶ ሕክምናው ሮቦት ቀጫጭን እጆች ካንሰሩን ከነማህፀኗ አወጡላትና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቤቷ ተመለሰች። ሆዷ ላይ የቀሩት ሰሊጥ የሚያካክሉ አራት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ባሏ ከቢሮ ደውሎ «ተመስገን፣ አለቀ በቃ!» አለና ስልኩን ዘጋ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሕመም በግማሽ ቀን ማለቅ ከጀመረ ወዲህ በሽተኛ መጠየቅ የሚባል ነገር ከሰፈሩ ጠፍቷል።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ድስት ሊዋሱ መጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፌስታል ብርቱካን ሲያዩ ክው አሉ። በእሳቸው ዘመን ብርቱካን በፌስታል ተይዞ የሚኬደው የታመመ ሰው ቤት ነበር።

«ማን አመጣልሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ ከሆስፒታል ስመለስ የገዛሁት» አለች አስካለ አቀርቅራ። «ሰው የጠየቀኝ እንዲመስል ብዬ።»

እትዬ ዘርፌ ድስቱን ረሱት። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና አንዱን ብርቱካን አንስተው ይልጡ ጀመር።

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ሮቦቱ ምንሽን ነው የወሰደብሽ?»

አስካለን ገና ያን ጊዜ አመማት።