የቆጣሪው ካርድ

ጎረቤቷ ኦቦ ለሚ ደጁ ላይ ቆመው የመብራት ቆጣሪውን ካርድ ዘረጉላት። «ባልሽን ስናነሳው ኪሱ ውስጥ ይሄ ነበር፣ ልጄ።» የቡራዩ መንገድ በሰልፉ ሳይዘጋ ካርዱን አስሞልቼ ልምጣ ብሎ የወጣው ጠዋት ነው። ተኩሱ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ራዲያ እሱ እንደነገራት ፍሪጁንም ምድጃውንም ነቅላ ብትቆጥብም፣ እኩለ ቀን ላይ ቆጣሪው ዜሮ ደርሶ መብራቱ ጠፍቶባት ነበር።

ካርዱን ተቀብላ ሄዳ ቆጣሪው ውስጥ ከተተችው። ዜሮው ሁለት መቶ ሆነ፤ ሳታጠፋው የቀረችው የሳሎን አምፖል ቦግ አለ። አስሞልቶ ወደ ቤት እየተመለሰ ነበር ማለት ነው።

«ሻርፕሽን ልበሺ፤ አስከሬኑ ጤና ጣቢያ ነው» አሉ ኦቦ ለሚ።

ሻርፗን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ አምፖሉን አጠፋችው።

«በቀን ሲበራ አይወድም» አለቻቸው።